ጎማው ለምን ይግላል? የፍሬን ካሊፐርን ቤት ውስጥ ስለማደስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ፍሬን ናቸው። ክረምት ሲወጣ ሁሌም እንዲህ ነው። ጭቃና ውሃ ሦስት ወር ሙሉ ጎማው ሥር ሲገባ ይከርምና መስከረም ላይ "መኪናዬ ይጎትታል"፣ "ጎማው ይግላል"፣ "ፍሬን ስይዝ ይጮኻል" የሚለው ይበዛል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ካሊፐር የምንለው ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን የፍሬን ክፍል ነው። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት እሱኑ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በፈረንጅ የ1998 ስሪት ኮሮላ አለችኝ። ባለፈው ወደ ደብረ ሲና ስወርድ፣ ጣርማ በርን እንዳለፍኩ መሪው ወደ ቀኝ ይጎትተኝ ጀመር። ዳር ይዤ ስወርድ የፊት ቀኝ ጎማው እንደ ምጣድ ግሏል፤ የተቃጠለ ሸራም ይሸታል። ጋራዥ ስወስዳት "ካሊፐሩ አልቆለታል፣ ሙሉውን ቀይር" አሉኝ። ያገለገለው እንኳ ዋጋው አይቀመስም። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ግን ዘይትና ሸራ ራሴ ነኝ የምቀይረው። ካሊፐሩን ፈትቼ ቤቴ ማደስ እችላለሁ ወይ?

መልስ፦ ትችላለህ ወንድሜ። ሸራ ራስህ የምትቀይር ከሆነ የሥራውን ግማሽ ታውቀዋለህ። ግን መጀመሪያ ጥፋቱ በእርግጥ የካሊፐሩ መሆኑን እንወቅ። ይህን ሳያረጋግጡ "ቀይር" ካሉህ፣ ገንዘብህን አውጥተህም ጎማው እንደገና ሊግል ይችላል።

መኪናዋን ሜዳ ቦታ አቁም። የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ደግፍ። የፊቱን በክሪክ አንሳና ጠንካራ መደገፊያ አስገባበት። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅህንም ቢሆን እንዳታስገባ። አሁን ፍሬኑን ሁለት ሦስቴ ረግጠህ ልቀቅና ጎማውን በእጅህ አዙረው። እንቢ ካለህ፣ ካሊፐሩ ጀርባ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን በ8 ወይም በ10 ቁልፍ ትንሽ ላላ አድርጋት።

ዘይት ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ከተፈታ፣ ግፊቱ ውስጥ ታፍኖ ቀርቷል ማለት ነው። ያኔ ካሊፐሩን ተወውና ወደ ላይ ሂድ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የላስቲክ ቱቦው ነው። ያረጀ ቱቦ ከውጭ ሲታይ ምንም አይመስልም። ውስጡ ግን አብጧል ወይም ተልጧል። ስትረግጥ ዘይቱን ያሳልፋል፤ ስትለቅ አይመልስም። እንዲህ ከሆነ ቱቦውን ቀይር፣ ከታች እንደምነግርህ አየሩን አስወጣ፣ ሥራህ አለቀ።

ብሎኗ ተከፍታም ጎማው እንደታሰረ ከቀረ ግን ጥፋቱ እዚያው ነው። ወይ ፒስተኑ ነክሷል፣ ወይ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ፒኖች ደርቀዋል። ከፒኖቹ ጀምር። ካሊፐሩን ከፍተህ እያንዳንዷን ፒን በእጅህ ሳብ፣ ግፋ። ያለ ትግል መግባትና መውጣት አለባት። ከተጣበቀች አውጥተህ አጽዳት፣ የተቀደደ ላስቲኳን ቀይር፣ ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግሪስ ቀብተህ መልሳት። ስንት ካሊፐር በዚህች ምክንያት ብቻ "ሞተ" ተብሎ ተጥሏል! ፒስተኑ ደህና ከሆነ አትንካው።

ፒስተኑ ነው እንበል። ካሊፐር ስሙ ነው እንጂ የሚያስፈራው፣ ሲከፈት አንድ ፒስተን፣ አንድ ጎሚኒ (ዘይት የሚይዝ የላስቲክ ቀለበት)፣ አንድ የአቧራ መከላከያ ላስቲክና እነዚያ ሁለት ፒኖች ናቸው። ስትረግጥ ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ዲስኩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ካሊፐሩ ራሱ ደግሞ በፒኖቹ ላይ ተንሸራቶ የውጩን ሸራ ይስባል። ታዲያ ስትለቅ ፒስተኑን ማን ይመልሰዋል? ስፕሪንግ የለውም። የሚመልሰው ጎሚኒው ነው። ያንን ጎሚኒ በምላጭ ብትቆርጠውና ጫፉን ብታየው ክብ አይደለም፤ አራት ማዕዘን ነው። ፒስተኑ ወደ ፊት ሲሄድ ጎሚኒው ከሥፍራው ሳይነቃነቅ ጠርዙ አብሮት ይጣመማል። ግፊቱ ሲለቀቅ ወደ ቀድሞ ቅርፁ ሲመለስ ፒስተኑን ይዞት ይመለሳል። የሚመልሰው ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። ጎማህን ነጻ የምታደርገው ያቺው ናት። ጎሚኒው ሲደርቅ፣ ወይም በተቀመጠበት ቦይ ውስጥ ዝገት ሲጠራቀም፣ ያቺ መመለስ ትጠፋለች። ሸራው ዲስኩን እየላሰ ይሄዳል። አንተም ቁልቁለት ላይ ሽታውን ትሰማለህ።

ስለዚህ የምትገዛው ካሊፐር ሳይሆን ኪት ነው። ጎሚኒው፣ የአቧራ ላስቲኩና የፒን ላስቲኮቹ ይገኙበታል። አዲስ አበባ ከሄድክ ሶማሌ ተራ ግባ፤ ሊብሮህን ወይም የሻንሲ ቁጥሩን ይዘህ ሂድ። "የኮሮላ ስጠኝ" ብቻ ካልክ የሌላ ዓመት ኮሮላ ሊሰጥህ ይችላል። የፒስተኑ ዲያሜትር በሁለት ሚሊሜትር ከተለየ ኪቱ ዋጋ የለውም። ብትችል ፈትተህ የድሮውን ጎሚኒ ይዘህ ሂድ። የግራውንም የቀኙንም ግዛ። አንዱ ጎን ታድሶ ሌላው ከቀረ፣ ፍሬን በያዝክ ቁጥር መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ታደላለች።

አንዱን ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው እለፍ። ሁለቱንም አብረህ አትፍታ። ያልተፈታው ጎን ምን የት እንደሚገባ ያሳይሃል።

ፒስተኑን ለማውጣት ቀላሉና አደጋ የሌለበት መንገድ የራስህ የእግር ፍሬን ነው። የላስቲክ ቱቦውን ገና አትፍታ። ካሊፐሩን ከመያዣው አላቅቀህ ሸራዎቹን አውጣ። በቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ እሰረው። በፒስተኑ ፊት ወፈር ያለ እንጨት አስገባና ሰው ቀስ እያለ እንዲረግጥልህ አድርግ። የነከሰ ፒስተን እንኳ በዚህ ይነቃነቃል። እንጨቱ ጋ ደርሶ ሊወጣ ሲቃረብ አቁም። ከዚያ ቱቦውን ፈትተህ ጫፉን ድፈነው፤ ፒስተኑን በጨርቅ ይዘህ እያዞርክ ሳበው። በፒንሳ እንዳትነክሰው።

ጎሚስታ ቤት ወስደህ በአየር ማስወጣትም ይቻላል። እዚህ ላይ ግን አደራ። ዲያሜትሩ 54 ሚሊሜትር የሆነ ፒስተን በ5 ባር አየር ሲገፋ ከ100 ኪሎ በላይ ጉልበት አለው። ድንገት ሲለቅ ጣት ይሰብራል። እንጨቱ መሃል ይግባ፣ አየሩ በትንሽ በትንሹ ይለቀቅ፣ ጣት ከፒስተኑ ፊት ይራቅ። የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለም ይበላል። ቦዲው ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠበው፤ ዓይንህን በመነጽር ሸፍን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ፒስተኑን በንጹሕ ጨርቅ ጥረገውና መስኮት አጠገብ፣ ብርሃን ላይ ያዘው። ዙሪያውን ቀስ እያልክ አዙረው። ቡናማ እድፍ ካየህ አትደንግጥ፤ እድፍ ይጠረጋል። ከዚያ የአውራ ጣትህን ጥፍር ከላይ ወደ ታች ጎትት። ጥፍርህን የሚይዝ ጉድጓድ፣ ወይም የተላጠ ክሮም ካለ፣ ያ ፒስተን አልቆለታል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ አድነዋለሁ አትበል። ክሮሙ ስስ ነው። ስትፈገፍገው ይነሳል፣ ከሥሩ ያለው ብረት በጥቂት ወር ውስጥ ይዝጋል፣ አዲሱን ጎሚኒም ይቆርጠዋል። ፒስተን ለብቻው ይሸጣል፤ ያንን ግዛ።

የካሊፐሩን ጉድጓድ ስታይ ግን ትንሽ ልትረጋጋ ትችላለህ። እንዲህ ባለው ካሊፐር ዘይቱን የሚይዘው በጎሚኒውና በፒስተኑ መካከል ያለው ቦታ እንጂ የጉድጓዱ ግድግዳ አይደለም። በግድግዳው ላይ ያለ ቀላል ዝገት ይጸዳል። ጎሚኒው የሚቀመጥበት ቦይ ግን ምሕረት የለውም። የድሮውን ጎሚኒ በስቴኪኒ ወይም በሾለ ፕላስቲክ አውጣ። በካቻቢቴ ከጎረጎርክ ቦዩን ትጭረዋለህ፤ ጭረቱ ዘይት ያሳልፋል። ቦዩ ውስጥ የተጋገረ ነጭ ወይም ቡናማ ነገር ታገኛለህ። ያንን እስኪያልቅ ድረስ አውጣ። አዲስ ጎሚኒ ባልጸዳ ቦይ ላይ ካስቀመጥክ ፒስተኑን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ጎማህም እንደ ገና ይግላል። ሰዎች "ኪት ቀይሬ አልሠራልኝም" የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው።

ማጽጃው ላይ ልቆይ፤ አገራችን ጋራዦች ውስጥ ሁልጊዜ የማየውና የሚያናድደኝ ነገር ስላለ። ሁሉም ዕቃ በቤንዚን ወይም በናፍታ ይታጠባል። ሞተር ይታጠባል፣ ካምቢዮ ይታጠባል፣ የፍሬን ዕቃም እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። የፍሬን ጎሚኒ የተሠራበት ላስቲክ የነዳጅ ዘርን አይችልም። ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ማየት ከፈለግህ የወጣውን የድሮ ጎሚኒ ለሁለት ቁረጠው። አንዱን በቤንዚን፣ ሌላውን በፍሬን ዘይት ክዳን ውስጥ አሳድረው። ጠዋት ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። በቤንዚን ያደረው ወፍሮና ረዝሞ ታገኘዋለህ። መኪናህ ውስጥ ቢሆን ያ ያበጠ ጎሚኒ ፒስተኑን አንቆ ይይዘው ነበር። የሞተር ዘይትና ተራ ግሪስም ያው ናቸው። ስለዚህ በንጹሕ አልኮል፣ በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ወይም በአዲስ የፍሬን ዘይት ብቻ እጠብ። እጅህም ግሪስ ያልነካው ይሁን።

መልሶ መግጠሙ አጭር ነው። ጎሚኒውን በአዲስ የፍሬን ዘይት አርስና በቦዩ ውስጥ አስቀምጥ። በጣትህ ዙሪያውን ዳሰው፤ የተጠማዘዘ ቦታ እንዳይኖር። ፒስተኑንም በዘይት ቀባው። የአቧራ ላስቲኩን እንደ ስሪቱ ቀድመህ ወይም በኋላ አግባ፤ ሲፈታ ያየኸውን ተከተል። ከዚያ ፒስተኑን በሁለት አውራ ጣትህ ቀጥ አድርገህ ግፋ። መግባት ያለበት በእጅ ጉልበት ነው። ከተጣመመ አውጥተህ እንደገና ጀምር። መዶሻ አይነካውም።

ካሊፐሩን ስትመልስ የአየር ማስወጫዋ ብሎን ወደ ላይ መሆኗን እይ። በብዙ መኪኖች የግራውና የቀኙ ካሊፐር ቢለዋወጥም ይገጥማል። ያኔ ብሎኗ ታች ትሆናለች። አየር ደግሞ ላይ ነው የሚጠራቀመው። ቀኑን ሙሉ ብትረግጥ አየሩ አይወጣም፣ ፔዳሉም ስፖንጅ እንደሆነ ይቀራል። በቱቦው ብሎን ግራና ቀኝ ያሉትን የመዳብ ዋሸሮች በአዲስ ቀይር። ቱቦው እንዳይጠማዘዝ መሪውን ወደ ሁለቱም ጎን አዙረህ እይ። የጎማ ዳዶውን በኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር አጥብቅ።

አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ይረግጣል፣ ይይዛል። አንተ ብሎኗን ትከፍታለህ፣ ዘይት ይወጣል፣ ትዘጋለህ። ከዘጋህ በኋላ ብቻ "ልቀቅ" ትለዋለህ። ብሎኗ ላይ ግልጽ ላስቲክ አስገብተህ ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ክተት፤ አረፋ መውጣቱን ሲያቆም ይታይሃል። ኮፈን ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ እንዳይጎድል እየሞላህ። ከጎደለ አየር ከላይ ይገባና ሀ ብለህ ትጀምራለህ። ያልተከፈተ ጣሳ ተጠቀም። ተከፍቶ የከረመ የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ስትረግጠው ይታመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሄዳል። አንተ በምትወርድበት በጣርማ በር፣ ወይም ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ሲወረድ ይህ ሲደርስ ምን ማለት እንደሆነ አንተው ታውቃለህ። እዚያ ቁልቁለት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ውረድ። ፍሬኑን ደገፍ አድርገህ አትሂድ፤ ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቀው።

ስትጨርስ ከመነሳትህ በፊት ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ። የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ባዶ ናቸው፤ ፒስተኑ ገና ሸራው ጋ አልደረሰም። ፔዳሉ ሲጠነክር አንድ ደቂቃ ሙሉ አጥብቀህ ያዘውና ሰው ጎማዎቹ ሥር ይይልህ። ጠብታ ካለ አትነሳ። ከዚያ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በዝግታ ሞክር። አሥር ኪሎሜትር ያህል ከነዳህ በኋላ እጅህን ወደ ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች አስጠጋ፤ አትንካ፣ አስጠጋ ብቻ። ሙቀታቸው ተቀራራቢ ከሆነ ሥራህ ተሳክቷል።

ሦስት ነገር ካየህ ግን ቁምና ለባለሙያ ስጥ፦ የአየር ማስወጫዋ ብሎን ውስጥ ከተሰበረች፣ የጎሚኒው ቦይ በዝገት ከተበላ፣ ወይም አየሩን ካወጣህ በኋላም ፔዳሉ ከለሰለሰ። ለስላሳ ፔዳል ይዘህ አስፋልት አትውጣ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ቪትዝ አለችኝ። ከኋላ ግራ ጎማ ዘይት ይፈስ ነበር። አንድ መካኒክ "ዕቃው እስኪገኝ" ብሎ የዚያን ጎማ መስመር በብሎን ደፈነልኝ። መኪናዋ ትቆማለች። እስከ መቼ እንዲህ ልንዳት?

መልስ፦ እትዬ፣ እባክዎን ዛሬውኑ ያቁሟት። ገበያም ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን፣ ቅርብ ነው ብለው አይውጡባት።

መኪናዋ "ትቆማለች" የሚሉት በዝግታ ሲነዱ ነው። ሕፃን ድንገት መንገድ ሲገባ ሦስት ጎማ ብቻ ይይዝና መኪናዋ ልትጠመዘዝ ትችላለች፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ይብሳል። የፍሬን መስመር በሁለት የተከፈለው አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲያድን ነው። በብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ ክፍፍሉ በሰያፍ ነው፤ የፊት ቀኝ ከኋላ ግራ ጋር ይጣመራል። ያ ድፍን ብሎን የተቀመጠው ከእነዚህ መስመሮች በአንዱ ላይ ነው። ቢለቅ ግማሽ ፍሬንዎ አብሮት ይሄዳል።

የእርስዎ ቪትዝ ከኋላ በዲስክ ፋንታ ታምቡር (ከበሮ መሰል ፍሬን) ያለው ከሆነ የሚፈሰው ካሊፐር አይደለም። ታምቡሩ ውስጥ ያለው ትንሹ ሲሊንደር ነው። እሱን ለማደስ አልመክርም፤ ሙሉው ራሱ ብዙ አያስወጣም፣ ይቀየር። ዘይት የነካው ሸራ ታጥቦ አይድንም። የግራውም የቀኙም ሸራ አብሮ ይቀየር። ሠራተኛው "በቤንዚን አጥቤ እመልሰዋለሁ" ካለዎት እሺ አይበሉት። ሥራው ሲያልቅ የድሮውን ሲሊንደርና ሸራ በእጅዎ ይቀበሉ።

ጥያቄ፦ ወንድምህ ነኝ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ። ሆንዳዬ 15 ዓመቷ ነው። የኋላ ካሊፐሮቿ ተጣብቀዋል። እዚህ ታድሶ የተዘጋጀ ካሊፐር በቀላሉ ይገኛል፤ የድሮውን ስትመልስ የተያዘብህን ገንዘብ ይመልሱልሃል። ራሴ ባድስ ይሻላል ወይስ ያንን ልግዛ?

መልስ፦ እዚያ ከሆንክ መግዛቱ ያዋጣሃል። በክረምት መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው የካሊፐሩን መያዣና ፒኖቹን ጭምር ይበላል። ፈትተህ ስታየው ፒስተን ብቻ ሳይሆን ብዙ ነገር መቀየር ሊኖርብህ ይችላል። እኛ እዚህ የምናድሰው ዕቃው ውድ ስለሆነና በጨው የተበላ መኪና ስለማይገጥመን ነው።

ራሴ ልሥራው ካልክ የኋላው ከፊቱ እንደሚለይ እወቅ። የእጅ ፍሬኑ ካሊፐሩ ውስጥ ካለ፣ ፒስተኑ እየተሽከረከረ ነው የሚገባው። በሲ ክላምፕ ወይም በሞርሳ በቀጥታ ብትገፋው ውስጡን ትሰብረዋለህ። ማዞሪያ መሣሪያ ያስፈልግሃል። ሲገባም ፊቱ ላይ ያለው ጎድጓዳ ምልክት ሸራው ጀርባ ካለችው ጉብታ ጋር መግጠም አለበት። አንዳንድ መኪኖች ፒስተናቸው ብረት ሳይሆን ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። እሱ አይዝግም፤ ጠርዙ ግን ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ካየህ አትመልሰው።

የገዛኸው መጥቶ ስትገጥም ደግሞ የአየር ማስወጫዋ ላይ መሆኗን እይ። ሳጥኑ ላይ "ግራ" የተጻፈበት ቀኝ ሆኖ ይመጣል፤ እዚያም ቢሆን ሰው ነው የሚያሽገው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። ሻጩ "ፍሬኗ አያልቅም፣ አትነካካት" አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሸራው ዕድሜው ይረዝማል፤ ያ እውነት ነው። እግርህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ ሞተሩ ራሱ ያቆማታል፤ ኃይሉንም ወደ ባትሪው ይመልሳል። "አትነካካት" የሚለው ግን ትክክል አይደለም። ብዙ ያልተሠራበት ፍሬን በሌላ መንገድ ይበላሻል። ዲስኩ ይዝጋል። ፒኖቹ ሳይንቀሳቀሱ ይደርቃሉ። ዘይቱም ሠራህበትም አልሠራህበት እርጥበት መጠጣቱን አያቆምም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ መኪኖች በብዛት ስለገቡ ይህን ጥያቄ አሁን ደጋግሜ እሰማዋለሁ።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተለይ ክረምት ሲወጣ፣ ጎማው ይፈታ፤ ፒኖቹ ይጸዱና ግሪስ ይቀቡ። አልፎ አልፎ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ዲስኩ ይጠረግ። የእጅ ፍሬኗ የሚሳብ ሳይሆን በኤሌክትሪክ፣ በጣት በሚጫን ቁልፍ የሚሠራ ከሆነ ግን የኋላ ካሊፐሯን ቤት ውስጥ አትፍታ። ካሊፐሩ ላይ ትንሽ ሞተር አለ። በመኪናዋ ኮምፒውተር የጥገና ሁኔታ ውስጥ ሳትገባ ፒስተኑን ከገፋህ ትሰብረዋለህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለሱቁ "ዶት 5 ከዶት 4 ይበልጣል፣ ቁጥሩ ትልቅ ነው" ብሎ ሸጠልኝ። ልጨምረው?

መልስ፦ እንዳትጨምረው። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ይቀላቀላሉ። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው። ከእነሱ ጋር አይዋሃድም፤ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ መሣሪያ) ላለው መኪናም አይሆንም። ጣሳውን ሳትከፍት መልስለትና የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ግዛ። አብዛኛውን ጊዜ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይላል። ጨምረህበት ከሆነ ደግሞ መኪናዋን ሳታስነሳ መጀመሪያ ማጠራቀሚያውን በስሪንጅ ምጠጠው፤ ከዚያ መስመሩ በሙሉ በአዲስ ዘይት እስኪታጠብ ድረስ ከአራቱም ጎማ አስወጣ። መጀመሪያ ከሾፌሩ በጣም ከራቀው ከኋላ ቀኝ ጀምር።